ሁለት ጣት

ከማዘዣው ወረቀት፣ ከጀርባው ባዶ ላይ
ረምላ ጻፈች፦ «እሑድ። በጠዋት። ሳይከር ፀሐይ።»
ከፊቱ አለ ገና የሐኪሙ ጽሕፈት፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተምታታ ፊደላት፤
«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ»፣
ያቺን ብቻ ለየሁ፣ አልገባኝም ሌላ።

ጀርባው ግን የእኛ ነው፣ ቁልቁል ተደርድሮ፦
የጉተማ ባጃጅ፣ ደርሶ መልስ፣ ቀድሞ ተነግሮ፤
(በዚያ ሌሊት እሱው ነው ሆስፒታል ያደረሰን፣
እስከ ዛሬ «ሒሳቤስ?» ብሎ አልወቀሰን፤)
ከመጋላ ሙሸበክ፣ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣
(ሰርዛ «አንድ» አለችው፤ ማን ይከራከራል!)
ውሃ ከቤት ይያዝ፤ የኑሪያ ጫማ ይሰፋ፤
«መብራትስ?» አልኳት እኔ፣ «ድንገት እንኳ ቢጠፋ?»
«ቢጠፋማ፣» አለች፣ ቀና ሳትል ከወረቀት፣
«የብረት ሰው አይደለህ? አዙረው በጉልበት።»

ብየዳ ነው ሥራዬ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣
በርና መስኮት ስሠራ ለዚያም ለዚህም ሰፈር።
የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ጠባብ፣ ረጅም፣
አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ብረት ስቆርጥበት
ትንፋሽ ነው ብዬ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።
ድል ጮራ፣ አልጋ አሥራ አንድ፣ ያው ሲሊንደር ቆሟል፤
ከሥሩ ሚፍታህ አለ፣ በቱቦ ይስባል።
ጌጁን ዐይኔ ያነባል፤ ልማድ ነው፣ የእጅ ልማድ፤
«ሊያልቅ ነው!» እያልኩ ጮህኩ፣ ነርሷ እስክትናደድ፤
ስንት ሌሊት ቆጠርኩ የዚያን መርፌ መውረድ።

በዚያው መስኮት በኩል፣ ከሳቢያን በላይ
አንድ የመብራት ክብ ይዞራል በሰማይ።
«ምንድነው?» አለ አንድ ማታ፣ ጭንብሉን ገፍቶ፣
ከሦስት ቀን ዝምታ ድምፁ እንደ ወረቀት ሳስቶ።
«መጫወቻ ነው፣» አልኩት፣ «የልጆች ትልቅ ጎማ፤
ስትድን እንሄዳለን።»
ቃሉን ከአፌ አወጣሁ፣ ልቤ ግን አልሰማ።

ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ፣ ለማንም ሳልነግር፣
ወደ ጎማው ሄድኩኝ፣ ብየዳውን ልመረምር።
በረኛው «ልጅህስ የት አለ?» ብሎ ሳቀብኝ፤
መገጣጠሚያውን ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩኝ።
አሥራ ሁለት ወንበር። የአራተኛው ስፌት
ተቸኩሎ የተሠራ፣ አረፋ ያለበት።
ዐርብ ማሽኔን ይዤ ተመልሼ ሄድኩኝ፣
ሳንቲም ሳልጠይቅ በየድኩት፣ እስኪመሽ ሠራሁኝ።
አሁን የማምነው እሱን ነው፣ ሌላውን አላውቅም፤
ሰው በሠራው ወንበር ላይ ሚፍታህ አይቀመጥም።

ቅዳሜ ማታ ግን ኑሪያ ይዛ መጣች ወሬ፦
በሩ ላይ እንጨት አለ፣ መስመር ያለው በቀይ ቀለም፤
ከመስመሩ ያጠረ ልጅ አይሳፈርም፤
የእነ ዘኪያን ትንሽ ልጅ መልሰውታል ዛሬ።
«መስመሩ እዚህ ነው፣» አለች፣ ትከሻዋን ነክታ።

የበራችን መቃን ላይ የልጆቹ ልክ አለ፣
በምስማር የተጫረ።
አንድ ጣት ያህል ወርዶ ታየን የእሱ ቦታ።
ጭረቱ ከረመዳን በፊት ነው።
ከዚያ ወዲህ አልለካነውም። ፈራን።
ምኑን ነበር የምንለካው? የቀረውን?

ሚፍታህ ግን ተነሣ። ጫማውን አወለቀ።
ቆመ፣ ተረከዙን ከመቃኑ አጣበቀ።
መዳፌን ከራሱ ላይ ጣልኩ፤
ፀጉሩ ገና አጭር ነው፣ ይሻክራል።
«አትንጠራራ፣» አልኩት።
«አቦ፣ አልተንጠራራሁም! ወላሂ!»
ጫርኩ። ራቅ ብዬ አየሁ።
ሁለት ጣት።

ተኝቶ!
ያን ሁሉ ሌሊት እኔ ጌጅ ሳነብ፣ ስቆጥር፣
ሾርባውን ሲመልስ፣ ጎኑ ሲቆጠር፣
አጥንቱ በስውር፣ ለማንም ሳይነግር፣
ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

ረምላ ምንም አላለች። እስክሪብቶዋን ፈለገች፣
ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከኑሪያ ጫማ በታች፣
አንድ መስመር ጨመረች፦
«ሱሪ። አጥሮበታል።»